በወር ስንት ይደርሳል?

*አሠሪው ቀድሞ የሚገዛው፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት የሚከፍለው ብስክሌት በሌላ አገር ዓመታት አስቆጥሯል። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ኦቶና ላይ ቢጀመር ምን ይመስላል?*

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የኦቶና መንገድ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ያገናኛል፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውንና ቀኑን ሊሠራ የሚገባውን። የሚወጣው ነጭ ጋውኑን አጣጥፎ በፌስታል ይዟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ለሰላምታ ራሱን ነቅነቅ ከማድረግ ያለፈ አቅም የለውም። የሚገባው ደግሞ ለበሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆም ብሎ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠርዝ ይጠርጋል። የወላይታ አፈር ቀይ ነው። ዝናብ ባደረ ቁጥር ማን በእግሩ እንደ መጣ ጫማው ይናገራል።

ባጃጆቹ በሩን ይዘው ተደርድረዋል። ሾፌሮቹ አንገታቸውን አውጥተው መናኸሪያ፣ መናኸሪያ እያሉ ይጣራሉ። በእነሱ መሐል አንድ ጎልማሳ ብስክሌቱን እየገፋ ይመጣል። ዳገቱ ከብዶት ወርዷል። ከኋላ ፖርቶመጋላው ላይ ምሳ ዕቃው በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። አጥሩ ሥር ሲደርስ ግራ ቀኝ ያያል። ብስክሌት የሚታሰርበት ብረትም፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ቆርቆሮም የለም። ግድግዳው ላይ አስደግፎት ወደ ጥበቃው ዞር ይልና አደራ ብሎ ይገባል።

ኦቶናን የሶዶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ወላይታ የመጡት ሚስዮናውያን ጣቢያቸውን የተከሉበት ሰፈር ነው፤ ሕክምናውም ትምህርቱም ከዚያ ጋር ተያይዞ አደገ። ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትልቁ ሆስፒታልና የጤና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ተመሥርቶ ሶዶን መቀመጫው ሲያደርግ፣ ከተማዋ በየጠዋቱ ወደ ሥራ የምትልከው ሰው በዛ። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ጽዳቷ፣ ጥበቃው፣ መዝገብ ቤቷ፣ ተማሪው ሁሉም ከየሰፈሩ ተነሥቶ ወደ አንድ በር ይመጣል።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚኖሩት ብስክሌት በጥቂት ደቂቃ በሚያደርስበት ርቀት ላይ ነው። ሆኖም ብስክሌት ያለው ጥቂት ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁ በመጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ዋጋው ነው። ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው ግን ሌላ ነው፤ ያን ያህል ብር በአንድ ቀን ከየት ይመጣል?

> ሠራተኛውን በእግሩ ያስቀረው የብስክሌቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዋጋው በአንድ ቀን መጠየቁ ነው።

ሌላው አገር እንዴት ያደርገዋል?

ጉዳዩን ብዙ አንባቢ በወሬ ያውቀዋል። ውጭ የሚኖር ወንድም ወይም እህት መሥሪያ ቤቴ ብስክሌት ሰጠኝ ብሎ ፎቶ ልኮ ይሆናል። ብስክሌቱ ግን ስጦታ አይደለም፤ ብልህ የሆነ የአከፋፈል ስምምነት ነው።

በሰፊው የሚታወቀው የእንግሊዝ አሠራር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የፋይናንስ ሕግ፣ አሠሪ ለሠራተኛው ወደ ሥራ የሚመላለስበትን ብስክሌትና የደኅንነት ዕቃ ቢያቀርብ በዚያ ጥቅም ላይ ግብር እንዳይጣል ፈቀደ። አካሄዱ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ከሱቅ የሚፈልገውን ብስክሌት ይመርጣል፤ አሠሪው ይገዛል። ብስክሌቱ በወረቀት የአሠሪው ሆኖ ይቆያል፤ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ለሚሆን ጊዜ ይከራየዋል። ኪራዩ በየወሩ ከደመወዙ ይነሣል፤ የሚነሣውም ግብር ከመቆረጡ በፊት ነው። የሚታሰበው ደመወዝ ስላነሰ ግብሩም ያንሳል። የኪራዩ ጊዜ ሲያበቃ ሠራተኛው የቀረውን ዋጋ የምታህል ገንዘብ ከፍሎ ብስክሌቱን በስሙ ያደርጋል፤ ካልፈለገም ይመልሳል። አንድ ግዴታ አለበት፤ ብስክሌቱ በአመዛኙ ለሥራ መንገድ መዋል አለበት።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ስምምነቱ ብስክሌቱን ብቻ አይመለከትም። ሄልሜቱ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ፣ ደወሉ፣ ፖምፓው፣ ቁልፉ፣ የሚያንጸባርቀው ሰደርያ አብረው ይገባሉ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቁልፍ የሌለው ብስክሌት በሳምንቱ የሌባ፣ መብራት የሌለውም በአመሻሹ የአደጋ መሆኑን ተረድተውታል።

ጀርመን ሌላ መንገድ ያዘች። በ2008 እ.ኤ.አ. በፍራይቡርግ ከተማ የተቋቋመ ድርጅት አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ብስክሌት በሊዝ የሚያቀርቡበትን አሠራር ሥራ ላይ አዋለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የግብር ባለሥልጣናት ለኩባንያ መኪና የሚሰጠው አያያዝ ለብስክሌትም እንዲሠራ ወሰኑ። ውሉ በተለመደው 36 ወር ሲሆን ኢንሹራንስም አብሮ ይታሰባል። ቤልጂየም ደግሞ ሠራተኛው በብስክሌት ለተጓዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አበል የሚታሰብለትን መንገድ መርጣለች።

እንግሊዝና ጀርመን በየራሳቸው መንገድ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛው በአንድ ቀን ሊሸከመው የማይችለውን ዋጋ አሠሪው ተቀብሎ በወራት ከፋፈለለት።

የደመወዝ መዝገቡ ዓምዶች

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ማንኛውም የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ የደመወዙን ዝርዝር ቢያይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ዓምዶች ያገኛል። በመጀመሪያ ጠቅላላ ደመወዝ። ከዚያ የሥራ ግብር። ከዚያ የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዓምዶች የሠራተኛው የኑሮ ታሪክ ናቸው፤ ቁጠባ፣ የብድር ተመላሽ፣ የመሥሪያ ቤት እድር፣ አንዳንዴም ለታመመ ባልደረባ መዋጮ። መጨረሻ ላይ የተጣራ ተከፋይ የሚለው ዓምድ ይቆማል፤ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ወረቀት እንደ ውዳሴ በቃላቸው ያውቁታል። አዲስ ዓምድ መጨመር ከባድ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ከባዱ ዓምዱ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ከባዱ ዓምዱን የሚፈቅድ ደብዳቤ ነው፤ ማን ይፈርማል፣ ሠራተኛው ቢለቅስ ማን ይጠየቃል?

ሕጉ በሩን ክፍት አድርጎታል። የመንግሥት ሠራተኛው በራሱ ሕግ ቢተዳደርም፣ ለድርጅት ሠራተኛ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ከደመወዝ ላይ ገንዘብ መቁረጥን ይከለክላል፤ ግን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ይፈቅዳል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ግን ከወር ደመወዙ 1/3ኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ገደብ ለሠራተኛው ጋሻ ነው። የቁጠባ ማኅበሩም፣ እድሩም፣ ብስክሌቱም አንድ ላይ ተደምረው ከቤት ቀለቡን እንዳይበሉበት ይጠብቀዋል።

ከእንግሊዙ አሠራር እኛ ዘንድ የጎደለው አንድ አካል ነው፤ የግብሩ ቅናሽ። እኛ ዘንድ ግብሩ ከጠቅላላው ደመወዝ አስቀድሞ ይነሣል፤ የብስክሌቱ ተመላሽ የሚቆረጠው ከተረፈው ላይ ይሆናል። ያን ለመለወጥ ሕግ አውጪው መነጋገር አለበት፤ ቢነጋገርበትም ይገባል። ነገር ግን ያ እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ዋና አካላት፣ ማለትም አሠሪው ቀድሞ መክፈሉና ሠራተኛው በወር በወር መመለሱ፣ የሕግ ለውጥ ሳይጠብቁ ሊጀመሩ ይችላሉ።

> አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ላለው ዓምድ አዲስ ስም መስጠት ነው።

ይህ ቤት ለቁጠባ እንግዳ አይደለም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው በ1964 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ነበር። ከፋብሪካው፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከሆስፒታሉ ሠራተኛ ጋር ተያይዞ ያደገው አሠራር ሥሩ እዚያ ነው። አንድ ሠራተኛ ዕጣ ይገዛል፤ በየወሩ ይቆጥባል፤ ለተወሰነ ጊዜ ከቆጠበ በኋላ ካስቀመጠው አብዝቶ ይበደራል፤ ባልደረቦቹ ዋስ ይሆኑታል። ተመላሹ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ከደመወዙ ይቆረጣል። ሰው ለቤት፣ ለሠርግ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለሕመም ይበደራል። ለብስክሌት የሚበደር ብርቅ የሆነው ብስክሌትን እንደ መሥሪያ ቤት መገልገያ ማየት ስላልለመድን ይመስለኛል።

ወላይታ ደግሞ ከማኅበራቱም አስቀድሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው በዓል፣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ አብረው እየቆጠቡ በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው ይቆጥባሉ። ማንም በበዓሉ ዋዜማ የበሬውን ዋጋ በአንድ ቀን ከኪሱ አያወጣም። ትልቁ ነገር ትንሽ በትንሽ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ኋላም በ1962 ዓ.ም. የተጀመረው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ ዋዱ የሚለው፣ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቅርቦ ከምርቱ እንዲመልስ አድርጓል። አካባቢው ቀድሞ ተቀብሎ ቆይቶ መክፈልን ሲሠራበት ኖሯል።

ስለዚህ አንድ የቁጠባ ማኅበር ሊቀመንበር ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ ነው ብሎ ሲያመነታ ሐሳቡን በአክብሮት መጠየቅ ይገባል። ጠዋትና ማታ የሚከፈለው የባጃጅ ሒሳብ ለየብቻው ሲያዩት ትንሽ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ያ ትንሽ ገንዘብ በየጊዜው ከፍ አለ። ወሩ ሲያልቅ ሲደመር ደግሞ ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ ሌላ ተቆራጭ ሆኖ ይገኛል፤ ልዩነቱ ከዓመት በኋላ በእጅ የሚቀር ነገር አለመኖሩ ነው።

በሌላ በኩል ብስክሌቱም ውድ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨምሯል፤ ብስክሌቱ፣ ጎማውና ካቴናው ሳይቀሩ። በአንድ እጅ መክፈል ይበልጥ በከበደ ቁጥር ከፋፍሎ መክፈል ይበልጥ ያስፈልጋል።

ዳሞታ ሥር የሚሆን ብስክሌት

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት ከጥንት የለመዱት ሐይቅ ዳር፣ ሜዳ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ሶዶ ግን ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የሚገዛ ብስክሌት ሁሉ ዳገቱን ማሰብ አለበት።

የብስክሌት ጠጋኙ ይህን ከሁሉ በላይ ያውቃል። ሱቅ የለውም፤ መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥሮ፣ አንድ ሳጥን መፍቻና አንድ ሳፋ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ብስክሌቱን ገልብጦ በመቀመጫውና በመሪው ያቆመዋል። የፊት ጎማውን በመዳፉ መታ አድርጎ ያሽከረክረውና አውራ ጣቱን ከቸርኬው አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ያስጠጋል። ጎማው ሲዞር ቸርኬው አንድ ቦታ ላይ ጥፍሩን ይነካዋል፤ ጭር የምትል ድምፅ ትሰማለች። እዚያ ላይ ያቆመዋል። ከተቃራኒው ወገን ያለችውን ራጂ በትንሽ መፍቻ ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ትይዩዋን ያላላል፣ እንደገና ያሽከረክራል። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ይህን ይደጋግማል። ዓይኑን ጎማው ላይ አይጥልም፤ የሚሠራው በጆሮውና በጥፍሩ ነው።

ቃላቱ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቸርኬ፣ ራጂ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ካላማዳሪ፣ ፖምፓ፣ ፓራፋንጎ፤ ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዥ አማርኛ የገቡ ናቸው፤ ብስክሌቱም ሙያውም ከየት መስመር እንደመጡ ይመሰክራሉ። ኢትዮጵያ ብስክሌተኞቿን ለሜልቦርን ኦሊምፒክ የላከችው በ1956 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ለብስክሌት እንግዳ የሆነች አገር አይደለችም።

የጠጋኞች ምክር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ማርሽ የሌለው፣ ሰው በተለምዶ ፊኒክስ የሚለው ዓይነት ከባድ ብስክሌት ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ጠንካራና ለመጠገን የሚቀል ነው። ለኦቶና ዳገት ግን ማርሽ ያለው ይሻላል። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ስታስገባ እግርህ ብዙ ይዞራል፣ ሸክሙ ግን ይቀላል፤ እየገፋህ ከመውጣት ተቀምጠህ መውጣት ትችላለህ። ዳገት የወጣ ደግሞ መውረዱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው። ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን ጎማ በዝናብ ሲረጥብ ይንሸራተታል፤ ሲያልቅ ደግሞ ብረቱ ብረት ይፈጫል። በርካሽ የሚገኝ፣ በየጊዜው መቀየር ያለበት ዕቃ ነው። ሦስተኛው የጎማው ስፋት ነው። ከአስፋልቱ ወርደው ወደ ሰፈር የሚገቡት መንገዶች ጠጠርና ጭቃ ስለሆኑ ቀጭን ጎማ እዚያ አይሆንም።

የተቀሩት ዕቃዎች በሌላ አገር ስምምነት ውስጥ እንደሚገቡት እዚህም መግባት አለባቸው። ወላይታ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል፤ ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት የነርሷን ጋውን ጀርባ በቀይ ጭቃ ይቀባል። ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ ጨለማው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ለሌሊት ተረኛ የፊትና የኋላ መብራት ግዴታው ነው። ሄልሜት ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ከሞተርና ከባጃጅ ተወርውሮ የሚመጣውን ጭንቅላት የሚያጥበው እሱ ነው።

> መብራት፣ ሄልሜትና ቁልፍ የሌሉበት የብስክሌት ብድር ግማሽ ብድር ነው።

የጠፋ ብስክሌት ዕዳ

ከዓመታት በፊት እኔም ብስክሌት በብድር ገዝቼ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ብድር ተበድሬ፣ ተመላሹ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ፈርሜ። በብድሩ ቁልፍ መግዣ አልጨመርኩም፤ ለእሱ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በሚቀጥለው ወር አገኛለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከግቢው አጥር ሥር ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር፣ የሌለ ብስክሌት ዋጋ ስከፍል ኖርኩ። የተጣራ ተከፋይ የሚለውን ዓምድ ባየሁ ቁጥር ከፊቱ ያለው ቁጥር ያመኝ ነበር። እስካሁንም ያን የሚያህል ገንዘብ በከንቱ ያወጣሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ይህን ነገር እንጀምር የሚል ሰው ሦስት ነገር አስቀድሞ በወረቀት ማስፈር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ነው። በእንግሊዝ አሠራር ብስክሌቱ ከተሰረቀ የሠራተኛው ዕዳ አብሮ አይጠፋም፤ ስለዚህ ኢንሹራንስና ጥሩ ቁልፍ እንዲይዝ ይመከራል። እኛ ዘንድ የብስክሌት ኢንሹራንስ ለማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ ግን መሬት ውስጥ በሲሚንቶ የተቀበሩ ጥቂት የጋለቫናይዝድ ብረቶችና ከላያቸው ቆርቆሮ ክዳን በአንድ ሳምንት የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ቦታቸው ጥበቃው ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ይሁን። ብስክሌቱን አደራ ብሎ ከመግባት ቆልፎ መግባት ይበልጣል።

ሁለተኛው ሥራ መልቀቅ ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፣ ይማራል፣ ሌላ ቦታ ያገኛል። ያኔ የቀረው ዕዳ ምን ይሆናል? መልሱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ክሊራንስ ሲያወጣ የቀረውን ይከፍላል፣ ወይም ብስክሌቱን ይመልሳል፣ ወይም ባልደረባው ብስክሌቱንም ዕዳውንም ይረከባል። ሦስተኛው መንገድ ለእኛ ቤት የሚስማማ ይመስለኛል፤ ሰዉ የሚያምነው የሚያውቀውን ነውና።

ሦስተኛው ጥገና ነው። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ውስጥ ለሠራተኛ፣ ለተማሪና ለገበሬ ጠንካራ ብስክሌት የሚያቀርቡ ድርጅቶች ከብስክሌቱ ጋር ጠጋኝ ማሠልጠንን አብረው ይዘውታል፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ በዛምቢያ ያደረገው ይህንኑ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሰፈሩ ጠጋኝ ጋር በወር አንድ ቀን ግቢ ገብቶ ፍሬንና ካቴና እንዲያይ ቢዋዋል፣ ለጠጋኙ የተረጋገጠ እንጀራ፣ ለሠራተኛው የተረጋገጠ መንገድ ይሆናል።

ከታች ይጀመር

የእንግሊዙ አሠራር አንድ ጉድለት አለው። ደመወዝ ከተቀነሰ በኋላ ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች መውረድ ስለማይፈቀድ በወለሉ ላይ ያለው ሠራተኛ ከስምምነቱ ውጭ ይቀራል። የግብር ቅናሹ ደግሞ ብዙ ግብር ለሚከፍለው ይበልጥ ይጠቅማል። በመሆኑም ብስክሌቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ በታች ይጠቀማል።

እኛ ከዚህ መማር እንችላለን። ኦቶና በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ማን በእግሩ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ስፔሻሊስቱ መኪና አለው ወይም ባጃጅ ይይዛል። በእግር የሚመጡት ጽዳቷ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ በረኛው፣ የወጥ ቤት ሠራተኛው ናቸው። ከደመወዛቸው ለተቆራጭ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ተቆራጩ ትንሽ እንዲሆን ጊዜው መርዘም አለበት፣ 24 ወርም ይሁን 36 ወር። ወለዱን ማኅበሩ ቢተውላቸው፣ ሄልሜቱንና ቁልፉን መሥሪያ ቤቱ እንደ ደንብ ልብስ ቢሰጣቸው፣ ገንዘቡ ከሌላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሠራተኛው ደንብ ልብሱን እንደ ስጦታ አይቆጥረውም፤ ለሥራው የሚገባው ነው። በሰዓቱ የሚያደርሰው ነገርም እንደዚያው ሊታይ ይገባል።

ስለ ሴቶች የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ። ሴት ብስክሌት ስትነዳ ሰው ምን ይላል የሚሉ አሉ። ቀሚስ ለብሶ ለመውጣት የሚመች፣ መሐሉ ብረት የሌለው ብስክሌት እንዳለ የማያውቁም አሉ። ወጣት ነርሶች ግን የሚያነሡት ሌላ ነው፤ ከሌሊት ተረኛነት በጨለማ ብቻን በእግር ከመሄድ መብራት ባለው ብስክሌት ፈጥኖ መድረስ ይሻላል ይላሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትነዳ የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል፤ አሥር ሆነው ከአንድ በር ሲወጡ ግን ሥራ የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። መሥሪያ ቤት ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገዛ የሚያመጣው ይህን ድፍረት ጭምር ነው።

የባጃጅ ሾፌሮችስ? ሥጋት አላቸው፤ ሥጋታቸውም ሊደመጥ ይገባል። ነገር ግን በሽተኛ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡርና ዕቃ የያዘ ሰው ብስክሌት አይወጣም። ኦቶና ደግሞ ሆስፒታል ነው፤ ባጃጁ እዚያ በር ላይ ሥራ አያጣም።

አገሪቱም አቅጣጫውን ጽፋዋለች። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የእግርና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው ብላ ጎዳናዎቿን ለእግረኛና ለብስክሌት የከፈተችበትን ቀን ጀምራለች፤ የኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመሮችን ይዞ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሯል። መንገዱ እየተሠራ ነው። በመንገዱ ላይ የሚሄደውን ብስክሌት ማን ይገዛዋል የሚለው ጥያቄ ግን ስትራቴጂው ውስጥ ሳይሆን የደመወዝ መዝገቡ ውስጥ ነው የሚመለሰው።

በሩ ላይ

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ እንደገና ይሞላል። ጠዋት ያየሁት ጎልማሳ ብስክሌቱን ካስደገፈበት አንሥቶ፣ ጥበቃውን አመስግኖ፣ ምሳ ዕቃውን በካላማዳሪው ይጠረንፋል። አሁን መንገዱ ቁልቁለት ነው። ፍሬኑን ሁለቴ ጨበጥ ለቀቅ አድርጎ ይፈትሽና ይወጣል፤ ባጃጆቹ መንገድ እስኪያገኙ እሱ ከመታጠፊያው ተሰውሯል።

ከኋላው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሰማያዊ ደንብ ልብሷን በጋቢ ሸፍና በእግሯ ትወጣለች። ቤቷ ሩቅ ነው፤ በባጃጅ የምትሄደው ዝናብ ካለ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤትሽ ብስክሌት ገዝቶ ቢሰጥሽና ከደመወዝሽ ቢቆረጥ ትወስጃለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መንዳት እችላለሁ ወይ አላለችም፤ ሰው ምን ይለኛል አላለችም፤ ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው ብላም አልጠየቀችኝም።

በወር ስንት ይደርሳል አለችኝ።

ለእሷ ጥያቄ የሚሆን መልስ ያለው አሠሪዋ ዘንድ ነው። ከእድሩና ከቁጠባው አጠገብ አንድ ዓምድ፣ ከበላዩም ብስክሌት የሚል አንድ ቃል ብቻ ይበቃዋል።